አሮጊቷን ወይስ ወጣቷን

አባቴ ደርበው ሰው ሊገዛ ነው ተብሎ ቀበሌ የተከሰሰው በእኔ ምላስ ነው። ዘመኑ ሰባ ሁለት ነበር፤ ላሊበላ ውስጥ ከቀበሌ ማኅተም ውጪ ዶሮ እንኳ የማይሸጥበት ጊዜ። እኔ ስምንት ዓመቴ ነበር። የላይኛው የፊት ጥርሴ ወልቆ ስለነበር የምናገረው ሁሉ በፉጨት ታጅቦ ነው የሚወጣው። ፉጨቱ ግን ከመናገር አላገደኝም።

አባቴ ልብስ ሰፊ ነበር። ከቀበሌ በተከራየናት አንዲት ክፍል በር ላይ የስፌት መኪናውን አቁሞ ሲረግጥ ይውላል። ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሣ እናቴ የሺሃረግ ወጥ ስታማስል ክርኗ የአባቴን ጀርባ ይጎስመው ነበር፤ እሱም «ይሄ ዝም በል ነው ወይስ ናልኝ?» እያለ ያስቃታል። እኔ የምውለውም የማድረውም ከመኪናው ስር ነው። ቁርጥራጭ ጨርቅ አልጋዬ፣ የወደቀ ቁልፍ መጫወቻዬ፣ ከላይ የሚወርደው የአዋቂ ወሬ ደግሞ ምግቤ ነበር።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ አባቴ የአንድ ቄስ ቀሚስ እየጠቀመ፣ እናቴ ምስር እየለቀመች እንዲህ ሲባባሉ ሰማሁ።

«አሮጊቷን ብንወስድ ነው የሚሻለን» አለ አባቴ።

«ታፈሳለች እኮ» አለች እናቴ።

«ክረምት ክረምት ብቻ ነው የምታፈሰው። ወገቧን አይተሽልኛል? አለት! ገና መቶ ዓመት ትቆማለች። ሆዷ ሰፊ፤ ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ትችላለች።»

«ወጣቷስ?»

«ወጣቷማ ታምራለች፤ ከሩቅ ታብለጨልጫለች። ግን በጋ ታቃጥላለች። በረዶ ሲመታት ደግሞ ስትጮህ ሰው አታስተኛም። ዋጋዋም አይቀመስ።»

በእጄ የያዝኩት ቁልፍ አምልጦኝ ተንከባለለ። አባቴና እናቴ ሰው ሊገዙ ነው! ያውም ከሁለት አንዷን አማርጠው!

ዛሬ ሃምሳ ዓመት አልፎኝ ሳስበው ነገሩ እንዲህ ነበር። አባቴ የወደደውን ነገር ሁሉ «እሷ» ነው የሚለው፤ መቀሱም፣ መኪናውም «እሷ» ነበሩ። ያን ሰሞን ዓይኑ ያረፈው ሁለት ቤቶች ላይ ነው። «አሮጊቷ» ያላት እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ የሚባሉ ብቸኛ መነኩሲት የሚኖሩባት፣ ክብ፣ የሣር ክዳን ያላት፣ ከውጭ በድንጋይ ደረጃ የሚወጣባት ባለ ፎቅ ቤት ናት። «ወጣቷ» ደግሞ የጨርቅ ነጋዴው አብዱልሀሚድ የሠራት የቆርቆሮ ቤት ናት። አብዱልሀሚድ ወልድያ ሊዛወር ነበር፤ አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከአንድ ቤት በላይ ስለማይፈቅድ ይችኛዋን መሸጥ ነበረበት።

ይሄን ሁሉ ግን ከመኪና ስር ያለች ልጅ ከየት ታውቀዋለች? እኔ የማውቀው የሠፈሬ ልጆች ሁሉ አያት ሲኖራቸው እኔ እንደሌለኝ ነው። አያት ከየት እንደሚመጣም ጠይቄ አላውቅም ነበር። ለካስ ይገዛል!

«ደግሞ ከነእማሆይ ናት» አለ አባቴ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እስኪያልፉ ታች ቤት ይቀመጣሉ። መጦር፣ መቅበር የኛ ነው። አምስት መቶ ብር ያሉትም ለዚያ ብለው ነው። ቢበዛ ሁለት ክረምት ናቸው፣ የሺ።»

የእናቴ እጅ ምስሩ ላይ ቆመ። ከዚያ ሰፌዱን አስቀምጣ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። እሳት አልነበረም፣ ጭስ አልነበረም። እናቴ አሮጊቷን እንዳልወደደቻት በዚሁ ገባኝ፤ ሁለት ክረምት ኖረው ደግሞ ለባለቤታቸው የሚመለሱ መሰለኝ።

በማግስቱ ዕቃውን ራሴ ለማየት ተነሣሁ።

መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ወጣቷ ነው። አብዱልሀሚድ ግቢ ስደርስ ልጁ ጀውሀራ ልብስ ታሰጣለች። አሥራ ሰባት ዓመቷ ነው። የብር አምባሯ ፀሐዩን እየመለሰ ዓይኔን ወጋኝ። ታብለጨልጫለች ማለት ይሄ ነው!

«ጀውሀራ፣ በረዶ ሲመታሽ ትጮሂያለሽ?» አልኳት።

«በረዶ መትቶት የማይጮህ ማን አለ?» አለችኝ እየሳቀች።

ተረጋገጠ። ወደ አሮጊቷ ሮጥኩ።

እማሆይ አመተ ጊዮርጊስ በራቸው ላይ በድንጋይ መደብ ተቀምጠው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከመመንኮሳቸው በፊት በቅሎ ጭነው ሰቆጣ ድረስ እየተመላለሱ ጨው የሚነግዱ ሴት ነበሩ ይባላል። ረጅም ናቸው፤ ጀርባቸው ቀጥ ያለ። ፊት ለፊታቸው ቆሜ ከራስ ቆባቸው እስከ እግራቸው አየኋቸው። አፍንጫቸውን ደጋግሜ አየሁ፤ ደረቅ ነው።

«ምን ጠፋሽ ልጄ?» አሉኝ።

«እማሆይ፣ ክረምት ክረምት ያፈሳሉ የሚባለው እውነት ነው?»

ዓይናቸውን ጠበብ አድርገው አዩኝ። «ማን አለ?»

«አባቴ። ልብስ ሰፊው። ግን ወገባቸው አለት ነው፣ ገና መቶ ዓመት ይቆማሉ ብሏል።»

«እሰይ። ሌላስ ምን አለ?»

«ሆዳቸው ሰፊ ነው አለ። ከታች ከብት፣ ከላይ ሰው ይችላሉ አለ።»

እማሆይ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ትከሻቸው ይርገፈገፍ ጀመር። ያለቀሱ መስሎኝ ደነገጥኩ።

«አይዞዎት እማሆይ! ቢያፈሱም ግድ የለም። እኛ ጋ ሲመጡ ከመኪናው ስር አስጠጋዎታለሁ፤ እዚያ ውሃ አይገባም።»

ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉ። ዓይናቸው በእንባ ርሷል፣ አፋቸው ግን እንዴት እንደሆነ እንጃ ተጣሟል። «ለመሆኑ አንቺ የትኛዋን ነው የምትፈልጊ?» አሉኝ።

«እርስዎን። ወጣቷ ትጮሀለች።»

ከስንት ዓመት በኋላ፣ ያኔ ገና ከመጀመሪያው ቃሌ እንደገባቸው ነገሩኝ። ለምን አላረሙኝም ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ነግጄ አድጌ! መርጦኝ የመጣ ገዢ እንዴት አባርራለሁ?» አሉኝ።

ያን ቀን ከእማሆይ ቤት እየዘለልኩ ወጥቼ በቀጥታ የሄድኩት ወደ ውሃ ወረፋ ነው። አሥራ አምስት ሴት እንስራ ደርድሮ ቆሟል። ደስታዬን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። አባቴ ጀውሀራን ወይ እማሆይን ሊገዛ እንደሆነ፣ ጀውሀራ ውድ እንደሆነች፣ እኔ በበኩሌ እማሆይን እንደምመርጥ ለሁሉም እያፏጨሁ ተናገርኩ። አንዷ እንስራዋ ሞልቶ እየፈሰሰ እንኳ አላየችም።

ወሬው ሁለት ቀን ፈጀበት። በመጀመሪያው ቀን ደርበው ልብስ ሰፊው በሚስቱ ላይ ሌላ ሊያገባ ነው ተባለ። በሁለተኛው ቀን ገንዘብ ከፍሎ የእስላም ልጅ ሊወስድ ነው፣ አንዲት መነኩሲትም ለሠራተኝነት ተዋውሏል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ጠመንጃ ያነገተ የአብዮት ጥበቃ በራችን ላይ ቆሞ አባቴን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቀበሌ አዳራሽ እንዲቀርብ አዘዘው።

አዳራሹ ሞልቶ ሰው በመስኮት ተንጠልጥሏል። የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበሯ ጓድ ገለቴ፣ አባቴ ራሱ የሰፋላትን ካኪ ለብሳ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጣለች። ካኪው ደረቷ ላይ ይጠብባት ነበር፤ አባቴ ሲለካት ትንፋሿን ውጣ ስለነበር ነው። አብዱልሀሚድ ለምን እንደተጠራ ሳያውቅ ከልጁ ጋር መጥቷል። እማሆይም ማንም ሳይጠራቸው መጥተው የፊተኛው አግዳሚ ላይ ተመቻችተዋል።

«ጓድ ደርበው!» አለች ገለቴ። «በአብዮታዊት ኢትዮጵያ የሰው ልጅ እንደ ከብት የሚሸጥበት ሥርዓት መገርሰሱን ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ አባቴ።

«ታዲያ ጀውሀራ አብዱልሀሚድን በስንት ብር ነው የተስማማህባት?»

አብዱልሀሚድ ከአግዳሚው ተወርውሮ ተነሣ። «ያ ረቢ! ልጄን? ደርበው፣ ልጄን ነው?»

«ኧረ በላሊበላ አምላክ! እኔ? የሺ፣ አንቺ እንኳ ንገሪያቸው!»

እናቴ አባቴን አላየችም፤ እኔን ነው ያየችው። የአያት ጉዳይ እንዳይበላሽ ስለፈራሁ አግዳሚው ላይ ወጣሁ።

«አባዬ፣ አንተ አይደለህ ያልከው? ወጣቷ ታብለጨልጫለች፣ በጋ ታቃጥላለች፣ በረዶ ሲመታት ትጮሀለች አላልክም?»

አብዱልሀሚድ ጺሙን ይዞ አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ሁለት እጁን ወደ ላይ ወረወረ። «ቤቴን ነው! ወላሂ ቤቴን ነው! ቆርቆሮዬን!»

እንዲያ ያለ ሳቅ ከዚያ ወዲህ ሰምቼ አላውቅም። በመስኮት የተንጠለጠሉት ረገፉ። ጀውሀራ ፊቷን በሻሿ ሸፍና ተንፈራፈረች። ጓድ ገለቴ ላለመሳቅ ከንፈሯን ነክሳ ብዙ ታገለች፤ በመጨረሻ ትንፋሿ ሲያመልጣት የካኪዋ ቁልፍ ተፈናጥሮ ጠረጴዛው ላይ ዘለለ። አባቴ ብቻ ነበር ያልሳቀው፤ ቁልፏን አንሥቶ በሙያው ልማድ ኪሱ ከተታት።

ስብሰባው ሊበተን ሲል ገለቴ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ለመሆኑ የትኛዋን ልትገዛ ነው?» ብላ ጠየቀች። ይሄን ባትጠይቅ ኖሮ ምሳችን ላይ በደረስን ነበር። ጥያቄዋ ለአባቴ ቢሆንም የመለሰው አዳራሹ ነው።

«አሮጊቷን! ድንጋይ አይሞትም!»

«ምን ድንጋይ ትላለህ፣ ሣሩን በየሦስት ዓመቱ ሊለውጥ ነው? ወጣቷን!»

«ወጣቷ ለገበያ ትቀርባለች። ልብስ ሰፊ ለገበያ ካልቀረበ ማንን ያለብሳል?»

«አሮጊቷ ባለ ፎቅ ናት፤ ሚስቱ ከላይ፣ መኪናው ከታች። ክርኗም አይደርስበት!»

አብዱልሀሚድ በሳቁ ሞቅታ ተነሣ። «አንድ ሺህ ብያችሁ ነበር። ለዚህች ፉጨታም ልጅ ስል ስምንት መቶ ሃምሳ። ከዚያ በታች ግን ወልድያ ስደርስ ሚስቴ ታባርረኛለች።»

አዳራሹ አጨበጨበ። አባቴ ዓይኑ በራ። በመኪናው መሳቢያ ውስጥ ሰባት መቶ ሃምሳ ብር እንዳለን አውቃለሁ፤ መቶ ብር ብቻ ቀረችው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ነፍሱ ነው። ነገሩ ወደ ወጣቷ ሲያዘነብል አየሁ። አያቴ በዓይኔ እያየሁ ልታመልጠኝ ነው! ያለኝን ክርክር ሁሉ አመጣሁ።

«አሮጊቷ ትሻላለች አባዬ! ቢበዛ ሁለት ክረምት ናቸው አላልክም? ሁለት ክረምት ብቻ ነው የሚያስቸግሩን። ከዚያ እንመልሳቸዋለን!»

ሳቁ እንደ ገመድ ተበጠሰ። ምን እንዳጠፋሁ አልገባኝም። የአባቴ ፊት አመድ መሰለ፤ አንገቱን ደፍቶ ደረቱ ላይ የሰካትን መርፌ በጣቱ ይዳብስ ጀመር። ያኔ አሮጊቷን ማራከሱ ያሳፈረው መስሎኝ ነበር። አሁን እኔም ቤት ገዝቻለሁ፣ ሽያጭም ተዋውያለሁ፤ አባቴ በልቡ ይዞት የነበረው ስሌት ምን እንደነበር አውቃለሁ። ሳሰላው ራሴን ያገኘሁበት ቀንም አለ።

እማሆይ ግን ዘና ብለው፣ «ሁለት ነው ያልከው ደርበው?» አሉ። «እኔ ሦስት አስቤ ነበር። ጉድ አደረግኸኝ።»

ማንም አልሳቀም። እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ወጣች። እማሆይ በትራቸውን አንሥተው ተከተሏት። እኔም በሰው እግር መሀል ሾልኬ ወጣሁ።

እናቴ ከአዳራሹ ጀርባ ግንቡን ተደግፋ ቆማለች። ጥጉ ላይ ተለጠፍኩ።

«ልጄ፣ ባልሽ ክፉ አልተናገረም» አሏት እማሆይ። «ገዢ ያሰላል። እኔም ብሆን አሰላለሁ።»

«እሱን አይደለም እማሆይ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

«እኔ እናቴን አገሬ ሙጃ ላይ ጥያት ነው ከደርበው ጋር የኮበለልኩት። አንድ ልጇ ነበርኩ። ታማለች ብለው ሲልኩብኝ ይቺን ልጅ እርጉዝ ነበርኩ፤ ዛሬ ነገ ስል ሳልሄድ ተቀበረች። የገዛ እናቴን ሳልጦር፣ የሰው እናት እጦራለሁ ብዬ በምን እጄ ልፈርም?»

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት አንድ ቃል ነው፤ «ጥያት»። ገበያ ላይ ሳንቲም እንደሚጣል እናቴ አያቴን ሙጃ ላይ ጥላታለች። ለካስ ለዚህ ነው የሌለኝ! ታዲያ የጣለ ሰው ሌላ መግዛት ነው እንጂ ምን ያስለቅሳል?

እማሆይ በትራቸውን ግንቡ ላይ አስደግፈው ከእናቴ አጠገብ እሳቸውም ተደገፉ።

«ስሚኝ» አሉ። «እኔ አልወለድኩም። ስነግድ ኖሬ፣ ባሌንም ሰልችቼ ጥዬው ነው የመነኮስኩት። ሰው ጦሮኝ አያውቅም። አንቺ መጦር አታውቂ፣ እኔ መጦር አላውቅ። ብታበላሺውስ መበላሸቱን በምን አውቃለሁ?»

እናቴ መጀመሪያ ያነቃት መሰለኝ። እየሳቀች ነበር። እያለቀሰችም ነበር። ሁለቱም ባንድ ጊዜ በአፍንጫዋ መጣባትና ነጠላዋ አልበቃት አለ። እማሆይ የራሳቸውን ሰጧት።

አዳራሽ ሲመለሱ እናቴ ማንንም ሳታስፈቅድ ጠረጴዛው ዘንድ ቆመች። «ጓድ ገለቴ፣ ውሉ ይጻፍ። የምንገዛው አሮጊቷን ነው። እሳቸውንም እኔ እጦራለሁ፤ ጣቴን እዚያ ላይ አስፍሪልኝ።»

አባቴ ቀና አለ። በቅጡ እንኳ ያልደረቀ ሐፍረት ነበረበትና፣ «እማሆይ፣ ስድስት መቶ እሰጥዎታለሁ» አለ።

«አምስት መቶ ነው ያልኩት።»

«ስድስት መቶ ሃምሳ!»

«አንተ ሰው! ሰላሳ ዓመት ነግጃለሁ፣ እንዲህ ያለ ገዢ አጋጥሞኝ አያውቅም። አምስት መቶ! የተረፈህን ለክዳኑ ሣር ግዛበት፤ ከላይ ያፈሰሰው የሚንጠባጠበው ታች እኔ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ስድስት መቶና ሣሩም ከእኔ!»

«ገለቴ፣ ይሄን ሰውዬ ያዥልኝ!»

ገዢ ወደ ላይ ሲጎትት፣ ሻጭ ወደ ታች ሲጎትት ላሊበላ አይታ አታውቅም። አብዱልሀሚድ ሆዱን ይዞ፣ «ምነው የኔን ቤት እንዲህ በገዛህልኝ!» እያለ ይጮሃል። በመጨረሻ አምስት መቶ ሃምሳ ላይ ገለቴ የቀበሌውን ማኅተም ውሉ ላይ አሳረፈች፤ ቀሪውን ድርድር ከለከለች። አብዱልሀሚድ ለምስክርነት ፈረመ። የእሱን ቤት በሳምንቱ አንድ አስተማሪ በዘጠኝ መቶ ገዛው፤ ሲሰናበተን «ባለመግዛታችሁ ሃምሳ ብር አተረፋችሁኝ፣ አላህ ይስጣችሁ» ብሎ ጉንጬን ቆነጠጠኝ።

ወደ አሮጊቷ የገባነው ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። መኪናው ታች፣ ከእማሆይ ክፍል በር ላይ ተቀመጠ። እኔ ከስሩ ወጥቼ ፎቅ ላይ ተኛሁ፤ የመጀመሪያውን ሌሊት ግን ከፍታው ደስ ብሎኝ አልተኛሁም። እናቴ መጦር ስትጀምር እንደፈራችው ሙያው አስቸገራት። እማሆይ የማይወዱትን ታበስላለች፤ ሲሞቃቸው ጋቢ ትደርባለች። እሳቸውም መጦር አላውቅ ብለው ገና ሳይነጋ የእናቴን ደጅ ጠርገው ይጠብቋታል። ይነታረካሉ። እናቴ «እማሆይ፣ ይቀመጡ!» ስትል፣ እሳቸው «አንቺ ራስሽ ተቀመጪ!» ሲሉ፣ አባቴ በመኪናው ድምፅ ሳቁን ይሸፍናል።

ሁለቱ ክረምቶች አለፉ። ሦስተኛውም አለፈ። በየመስከረሙ መባቻ እማሆይ በበትራቸው የመኪናውን እግር ኳ አድርገው፣ «ደርበው፣ አሁንም አለሁ እኮ» ይሉታል። እሱም ብድግ ብሎ ጉልበታቸውን ይስማል።

ሰባ ሰባት መጣ። የዚያን ዓመት ነገር ብዙ አላወራም፤ የሚያውቀው ያውቀዋል። አባቴ እህል ፍለጋ ወልድያ ወርዶ አብዱልሀሚድ ቤት ተጠግቶ ነበር። በሄደ በሳምንቱ ተስቦ ገባና እናቴ ወደቀች። እማሆይ ሰማንያን አልፈዋል፤ ደረጃ መውጣት ካቆሙ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ያን ጠዋት ግን ከታች ኮሽታ ሰምቼ ብወጣ፣ በመቀመጫቸው ከደረጃ ደረጃ እየተሳቡ፣ የውሃ ጣሳ በጥርሳቸው ነክሰው ሲወጡ አገኘኋቸው። ልረዳቸው ብል በዓይናቸው ገሠጹኝ። ዘጠኝ ቀን አልወረዱም። እናቴን ያጥባሉ፣ ያገላብጣሉ፣ በከንፈሯ ውሃ ያንጠባጥባሉ፤ እኔ እሳትና ውሃ አቀብላለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ረፋድ ላይ የእናቴ ግንባር ቀዘቀዘ። ፈርቼ ጮህኩ፤ እማሆይ በእጃቸው ዝም አሰኙኝ። ላብ ነው፤ ትኩሳቱ ለቋታል። ፀሐይ በበሩ ገብታ እግሯ ላይ ደርሳ ነበር። እናቴ ዓይኗን ገለጠች። አምስት ዓመት ሙሉ «እማሆይ» ከማለት በቀር አፏ ሌላ ቃል አውጥቶ አያውቅም።

«እማዬ» አለች።

እማሆይ እርጥቡን ጨርቅ እየጨመቁ ነበር። ዞር ብለው ወደ በሩ አዩ፤ የሰው እናት የገባች መስሏቸው። በሩ ላይ ማንም የለም። እኔን አዩኝ። ጨርቁን አስቀመጡ፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ቆባቸውን አስተካከሉና ወደ እናቴ ጎንበስ አሉ።

«አቤት፣ ልጄ» አሏት።